የሕይወት ራዕይን በጸሎትና በደብተር መፈለግ፦ የስድስት ሳምንት አሠራር

ራዕይ ፍለጋ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ ይበላሻል። አንዱ ሰው ሰማይ ተከፍቶ ድምፅ እስኪመጣለት ሲጠብቅ ዓመታቱ ያልፋሉ። ሌላው ምኞቱን ይጽፍና ከሥሩ ጥቅስ ያስቀምጥበታል፤ ከዚያ በኋላ «እግዚአብሔር የሰጠኝ ራዕይ» ብሎ ይጠራዋል። ሁለቱም የዘለሉት ሥራ አንድ ነው፤ እስከ ዛሬ የተሰጣቸውን ቆጥረው አልጻፉም፣ ለማን እንደተሰጣቸውም አልጠየቁም።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከመቁጠር ይጀምራል፣ ወደ ሰዎች ይወጣል፣ በቃሉና በምክር ይጣራል፣ በመጨረሻም በትንሽ ሥራ ይፈተናል። ድሬዳዋና ሐረር ለሚኖር ክርስቲያን የተዘጋጀ ነው፤ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ወንጌላዊውም ሊሠራበት ይችላል። የሚለየው የጾሙ ሥርዓትና የሚማከሩት አባት ነው።

አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። በየመድረኩ የሚጠቀሰው ምሳሌ 29፥18 ብዙ ጊዜ ግማሹ ላይ ይቆማል። ራእይ ባይኖር ሕዝብ መረን ይሆናል ካለ በኋላ፣ ሕግን የሚጠብቅ ግን የተመሰገነ ነው ይላል። ያልከፈሉት የሠራተኛ ደመወዝ፣ የካዱት ብድር፣ ያልታረቁት ወንድም ካለ ደብተር ከመግዛትዎ በፊት እሱን ይጨርሱ። የታወቀውን ትእዛዝ አስቀምጦ ያልታወቀውን መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ዝግጅት

የሚያስፈልገው ባለ 50 ገጽ ደብተር፣ ሁለት ቀለም እስክሪብቶ (ሰማያዊና ቀይ)፣ መጽሐፍ ቅዱስና በቀን 40 ደቂቃ ነው። ስልክ ላይ አይጻፉ። ስልክ ላይ የተሰረዘ ነገር ይጠፋል፤ እዚህ ግን የሰረዙት ነገር ራሱ መረጃ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ለምን እንደሰረዙት ማየት ይኖርብዎታል። የደብተሩን የመጨረሻ 10 ገጾች ባዶ ይተዉ። ዝም ብለው ሲቀመጡ የቤት ኪራይ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ያልተደወለ ስልክ ሁሉ ተሰልፎ ይመጣል፤ በአንድ መስመር እዚያ ጽፈው ወደ ሥራዎ ይመለሱ።

አርባውን ደቂቃ እንዲህ ይክፈሉት፦ 10 ደቂቃ ጸሎትና ንባብ፣ 25 ደቂቃ መጻፍ፣ 5 ደቂቃ የጻፉትን በዝምታ ማንበብ። የመጨረሻውን አምስት ደቂቃ አይዝለሉ፤ ስህተቱን የሚያሳየው እሱ ነው።

ሰዓቱ ጠዋት 12 ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው። ድሬዳዋ ላይ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሐሳብ አያስይዝም። ሌላም ምክንያት አለ፤ ከሰዓት በኋላ በበርጫ (ጫት በሚቃምበት ጊዜ) ላይ የሚነደፍ ዕቅድ በዚህ ከተማ ብዙ ነው። በምርቃና የተገነባ ፎቅ ማታውኑ እንደሚፈርስ የማያውቅ የለም። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ቢያንስ ለእነዚህ ስድስት ሳምንታት ያቁሙ፤ ካልቻሉ ደግሞ ያ በራሱ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጻፍ ነገር ነው።

መቼ ይጀመር? ታኅሣሥ አይመችም፤ ወሩ የቁልቢ ነው፣ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል። የሐምሌ ገብርኤል በዋለ ማግስት፣ ሐምሌ 20 ቢጀምሩ እስከ ጳጉሜ 5 ድረስ 46 ቀን አለ። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ስለሆነ ታሞም ለቅሶም ሄዶ የሚካካስ አራት ቀን ይተርፋል። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ለኦርቶዶክሳውያን ፍልሰታ መሐል ላይ ይውላል፣ አዲሱ ዓመትም ሥራውን ለመፈተን ይመቻል። ሌላ ወቅት ላይ መጀመር ክልክል አይደለም፤ ግን ስድስቱን ሳምንት ሳይቆራርጡ ይሂዱ።

ሳምንት 1፦ የኑሮ መዝገብ

ዕድሜዎን በሰባት ሰባት ዓመት ይክፈሉት። የ35 ዓመት ሰው አምስት ክፍል ይኖረዋል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ገጽና አንድ ጠዋት ይስጡ። በየገጹ አራት ጥያቄ ይመልሱ፦ የት ነበርኩ? ማን ደገፈኝ? ማንም ሳያዘኝ ምን እሠራ ነበር? ምን ጎዳኝ? በስድስተኛውና በሰባተኛው ቀን ምንም አይጻፉ፤ ቀዩን እስክሪብቶ ይዘው ያንብቡና ከሁለት ገጽ በላይ የተደጋገመውን ያስምሩበት።

የዮሴፍን ታሪክ በዚህ ዐይን ያንብቡት። በጶጢፋር ቤት ሁሉን በእጁ ሰጡት (ዘፍ 39፥4)፣ በግዞት ቤት እስረኞቹን አስረከቡት (39፥22)፣ በፈርዖን ቤትም ተሾመ (41፥40)። ቦታው ሦስት ጊዜ ተለወጠ፣ ሥራው ግን አንድ ነበር፤ የሌላን ሰው ንብረት በታማኝነት ማስተዳደር። በ17 ዓመቱ ያየው ሕልም ስለ ክብር እንጂ ስለ ሥራ ዓይነት ብዙ አልነገረውም፤ ሥራውን ያወቀው በ30 ዓመቱ ፈርዖን ፊት እስኪቆም ድረስ ባለፉት 13 ዓመታት ነው። እርስዎም ቀይ የሚያሰምሩት እንዲህ ያለውን ነው፤ ቦታ ሲቀየር ያልተቀየረውን።

በዚህ ሳምንት የሚበላሸው ነገር የሥራ ማመልከቻ የሚመስል ጽሑፍ መሆኑ ነው፤ ዲፕሎማ፣ ቅጥር፣ ሠርግ፣ ቅጥር። «ማንም ሳያዘኝ» የሚለው ጥያቄ የገባው ለዚህ ነው። በሰባተኛ ክፍል የእድር ደብተር ለአያትዎ ያነቡ እንደነበር ከማስረጃዎ በላይ ሊናገር ይችላል።

ሕመሙ ከባድ የሆነ ገጽ ካለ ብቻዎን አይክፈቱት። የንስሐ አባትዎ ወይም መጋቢዎ አብረው ይሁኑ። እንቅልፍ ከነሳዎት፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ መልመጃውን አቁመው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ይሂዱ። ጸሎቱ ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል።

ሳምንት 2፦ በእጅ ያለው ምንድን ነው?

እግዚአብሔር ሙሴን የጠየቀው ጥያቄ ይኸው ነው (ዘፀ 4፥2)፤ መልሱም የእረኛ በትር ነበር። ሦስት ዝርዝር ያዘጋጁ፦ የሠለጠንኩበት ሙያ፤ ሰዎች እየመጡ የሚጠይቁኝ ነገር፤ ሳይከፈለኝ የምሠራውና ሠርቼ የማይሰለቸኝ። ሁለት ዝርዝር ላይ የገባ ነገር ካለ ያክብቡት። ሦስቱም ላይ ከገባ በልዩ ገጽ ይጻፉት። የእጅ ሙያ መንፈሳዊ አይደለም ብለው አይተዉት፤ በዘፀአት 31 ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላው ወርቅ ለመሥራት፣ ድንጋይ ለመቅረጽና እንጨት ለመጥረብ ነው።

ከዚያ አምስት ሰው በአካል ያነጋግሩ፤ አንድ የቤተሰብ ሰው፣ አንድ የሥራ ባልደረባ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ አንድ ጎረቤት፣ አንድ ከእርስዎ በዕድሜ የሚያንስ። «ስጦታዬ ምን ይመስልሃል?» ብለው አይጠይቁ፤ ምስጋና ይዘው ይመለሳሉ እንጂ መረጃ አያገኙም። ጥያቄዎቹ እነዚህ ይሁኑ፦

ለመጨረሻ ጊዜ የፈለግከኝ ለምን ጉዳይ ነበር?
እኔ በሌለሁበት ቀን ምን ይጎድላል?
የትኛውን ሥራ እንዳልነካ ትመክረኛለህ?

ሦስተኛው ዋናው ነው። ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ብሎ በግልጽ የመናገር ልማድ ስላለ መልሱ ሳይለሰልስ ይደርስዎታል፤ ሌላ ከተማ ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ይህን ያህል ዕድለኛ አይሆንም። ሰውየው ሲናገር አይከራከሩ፤ ቃሉን እንዳለ ይጻፉ።

እዚህ ከተማ የሚረሳ ስጦታ ቋንቋ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ እየቀላቀለ ያደገ ሰው ጎረቤቱም እንደሱ ስለሚናገር ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ሐረሪኛውን የጨመረማ ብዙ ነው። ሐኪም ቤት በር ላይ አስተርጓሚ ያጣች እናት ብትጠየቅ ግን ዋጋውን ትነግርዎታለች። ዝርዝሩ ላይ ያስገቡት።

«እኔ ምንም የለኝም» የሚል ሰው ማቴዎስ 25ን በድጋሚ ያንብብ። አንድ መክሊት ብቻ የተቀበለው ሰው የተሰጠው ለአንድ የቀን ሠራተኛ ወደ 20 ዓመት የሚጠጋ ደመወዝ ነበር። ትንሽ የተሰጠው አልነበረም፤ ከጎረቤቱ ጋር ሲያስተያየው ነው ትንሽ የሆነበት።

ሳምንት 3፦ ሸክም

ይህ ሳምንት ከሁሉም ይከብዳል፤ ከደብተሩ ተነሥተው በእግር የሚሄዱበት ስለሆነ ብዙ ሰው ይዘለዋል። የተሰጠን ነገር ለማን እንደተሰጠ ቤት ተቀምጦ አይታወቅም።

መንገዱን ነህምያ አሳይቶናል። ከይሁዳ የመጡትን ሰዎች ጠየቀ፣ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ወሬውን በካሴሉ ወር ሰማ፣ ለንጉሡ የተናገረው በኒሳን ነው፤ መሐሉ አራት ወር ገደማ ነው። ኢየሩሳሌም ሲደርስ ሦስት ቀን ቆየ፣ ከዚያ ሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋር ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥር በዐይኑ አየ፤ እስከዚያ ድረስ ለማንም አልተናገረም (ነህ 2፥11–16)። ቅጥሩ በ52 ቀን ያለቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሰዎች 52 ቀኗን ይወዷታል፤ አራቱን ወር አይጠቅሱትም።

የእርስዎ ሥራ ይህ ነው። በመጀመሪያው ቀን «ይህ ነገር እንዲህ መቀጠል የለበትም» የሚሉትን ሦስት ጉዳይ ይጻፉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጉዳዩ ወዳለበት ቦታ ይሂዱ። ከከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ከወንዙ ማዶ ስላለው መጋላ ሰፈር መናገር ቀላል ነው፤ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው ይሂዱ። ሐረር ከሆኑ ጀጎል ይግቡና በመተላለፊያዎቹ ይሂዱ። የሚመለከቱት አራት ነገር ነው፦ ማን ነው የተቸገረው (ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሰፈር)? በቀኑ በየትኛው ሰዓት? አሁን ማን እየረዳው ነው? እነዚያ የሚረዱት የጎደላቸው ምንድን ነው? አራተኛውን ጥያቄ የሚያስቀድም ሰው ብዙ ጊዜ አዲስ ድርጅት መክፈት እንደማያስፈልገው ይረዳል።

ሸክሙ ዝርዝር እስኪኖረው ድረስ አይተዉት። «ጎርፍ ያሳስበኛል» ሸክም አይደለም፣ ወሬ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ወንዙ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ውኃው ከተማው ላይ ሳይዘንብም ከላይ ከደጋው ወርዶ ሊመጣ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሸክሙን እንዲህ ይጽፈዋል፦ «በወንዙ ዳር ካሉት ቤቶች ውስጥ ብቻቸውን የሚያድሩ አረጋውያን ሌሊት ማን ይቀሰቅሳቸዋል?» አሁን የሚሠራ ነገር ተገኘ።

ሸክምን የሚመስሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ቁጣ ነው፤ ስለ ጉዳዩ ሲያስቡ ትዝ የሚልዎት የተቸገረው ሰው ሳይሆን ጥፋተኛው ከሆነ ቁጣ ነው። ሌላው ቅናት ነው፤ ሌላ ሰው ያንኑ ሥራ ከእርስዎ በተሻለ ቢሠራው ደስ ይልዎታል ወይስ ይከፋዎታል? ከከፋዎት የፈለጉት ሥራውን ሳይሆን ቦታውን ነው። ይህን በቀይ ጽፈው በንስሐ ያቅርቡት፤ ከዚያ ሦስቱን ጉዳይ እንደገና ይዩ።

ሳምንት 4፦ ቃሉ፣ ጸሎቱ፣ ጾሙ

የሰባት ቀን ንባብ፦ ሰኞ ነህምያ 1–2፤ ማክሰኞ ዘፀአት 3–4፤ ረቡዕ መዝሙር 139 (በግእዙ አቆጣጠር 138)፤ ሐሙስ ማቴዎስ 25፥14–46፤ ዓርብ ሮሜ 12፤ ቅዳሜ ኤፌሶን 2፥1–10፤ እሑድ ሐዋርያት ሥራ 16፥6–15። ሐሙስ ላይ የመክሊቱን ምሳሌ ብቻ አንብበው አይቁሙ፤ ተከትሎ የሚመጣው የተራበው፣ የተጠማው፣ እንግዳው፣ የታረዘው፣ የታመመው፣ የታሰረው ነው። መክሊቱ የሚሠራበት ገበያ እዚያ ተጽፏል።

በየቀኑ ካነበቡ በኋላ ሁለት መስመር ይጻፉ፦ ከሸክሞቼ የትኛውን ነካው? ምን እንዳላደርግ ከለከለኝ? መጽሐፍ ቅዱስን በዘፈቀደ ገልጦ ጣት ያረፈበትን ቁጥር መልስ ማድረግን ይተዉት። እንዲህ የተገኘ መልስ አንድ ጊዜ ደስ ቢያሰኝ በሌላው ቀን ተቃራኒውን ይናገራል፤ ሰውየውም የወደደውን እስኪያገኝ መግለጡን ይቀጥላል።

ጾሙ በቤተ ክርስቲያንዎ ሥርዓት ይሁን፤ የራስዎን አዲስ ሥርዓት አያውጡ። የስኳር ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ የሚያጠባ እናት፣ የጨጓራ ቁስል ያለበት ሰው ሐኪሙንና አባቱን ሳይጠይቅ እህል አይተው። ለሁሉም የሚሆን ጾም ግን አለ፤ በዚህ ሳምንት ማኅበራዊ ሚዲያን ይጹሙ። ሰው ከፈረንጅ አገር በለጠፈው ፎቶ የራሱን ራዕይ የሚለካ ብዙ ነው።

ስለ ትንቢት ሁለት ቃል። ሰው መጥቶ «እግዚአብሔር ስለ አንተ አሳየኝ» ቢልዎት አይናቁት፣ አይሩጡበትም፤ 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥20–21 ሁለቱንም አዟል። ቀኑንና ቃሉን ጽፈው ያስቀምጡ፤ በእሱ ብቻ ሥራ አይልቀቁ፣ ቤት አይሽጡ፣ አያግቡ። ተናጋሪው ገንዘብ ካስከተለ ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀ።

ስእለትም የራሱ ቦታ አለው። ቁልቢ ወጥቶ የተሳለ ሰው ስእለቱን ይፈጽም። ነገር ግን ስእለት እግዚአብሔር ይህን ቢያደርግልኝ ይህን እሰጣለሁ የሚል ነው፤ ራዕይ ደግሞ አስቀድሞ በተደረገልኝ ምን ላድርግ ይላል። ደብተሩ ላይ ሁለቱን በአንድ ገጽ አይጻፉ።

ሳምንት 5፦ አንድ ዓረፍተ ነገር

አሁን የሦስቱን ሳምንት ቀይ መስመሮች በአንድ ገጽ ይሰብስቡ። ከመዝገቡ የተደጋገመው፣ ከእጅ ዝርዝሩ የተከበበው፣ ከሸክሞቹ እስከ ዛሬ ያልለቀቀዎት። ከእነዚህ ከ25 ቃል ያልበለጠ አንድ ዓረፍተ ነገር ያውጡ። አራት አካል ይኑረው፦ ለማን፣ የት፣ ምን እንዲሆንላቸው፣ በምን ሙያ ወይም ስጦታ። ዕንባቆም 2፥2 አንባቢው እንዲፈጥን ግለጠው ይላል፤ የሚያነብልዎት ሰው «ማለት?» ብሎ ከጠየቀ ገና ነው።

የጣቢታን ሥራ በዚህ ቅርጽ ማስቀመጥ ይቻላል፦ በኢዮጴ ላሉ መበለቶች በመርፌዋ ልብስ መሥራት። አራቱም አካል ተሟልቷል (ሐዋ 9፥36–39)። ሐረር ላይ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ በሚወስደው፣ «መኪና ግርግር» በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ተቀምጦ ልብስ የሚሰፋ ክርስቲያን ራዕይ ለማግኘት መጀመሪያ ሰባኪ መሆን እንዳለበት የሚያስብ ከሆነ ይህን ምዕራፍ ያንብብ።

ተበላሽተው የሚመጡ ዓረፍተ ነገሮችና መጠገኛቸው፦

«ትልቅ ሰው ሆኜ እግዚአብሔርን ማክበር።» ለማን እንደሆነ የለም፤ ያለው ስለ ራስ ነው። «ትልቅ ሰው ሆኜ» የሚለውን ይሰርዙና የቀረውን እንደገና ይጀምሩ።

«ሀብታም ሆኜ ድሆችን መርዳት።» ሀብቱ እስኪመጣ ድረስ ድሃው ይጠብቃል ማለት ነው። ዛሬ ባለው ገቢ ሊጀመር የማይችል ዓረፍተ ነገር ምኞት ነው። መምህር ከሆኑ ለምሳሌ፦ «በገንደ ቆሬ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በሒሳብ ምክንያት ትምህርት እንዳያቋርጡ፣ በሚገባቸው ቋንቋ ማስረዳት።»

«ጅቡቲ ተሻግሬ ወይም አረብ አገር ሄጄ ሕይወቴን መለወጥ።» መሄድ መንገድ ነው፣ መድረሻው አልተጻፈም። ደርሰው ለማን ምን እንደሚሆኑ ካልተጻፈ፣ የሚሄዱት ከድህነት ለመሸሽ ብቻ ነው። ከድህነት መሸሽ ነውር አይደለም፤ ግን በስሙ ይጠራ። በሕገ ወጥ ደላላ የሚኬድ ከሆነ ደግሞ ጸሎት ከማስያዝ ይልቅ ያቁሙት።

«አገልጋይ መሆን።» ማንን? በምን? በሽተኛ ለምታገላብጥ ነርስ እንዲህ ይሆናል፦ «ሳቢያን ውስጥ አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያን የመኝታ ቁስል እንዳያወጡ፣ ልጆቻቸውን ማገላበጥና ማጠብ ማስተማር።» ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን የደወሌን መንገድ ለሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ደግሞ፦ «ከእኔ ጋር የሚሠሩ ረዳቶች ሙያውን ይዘው፣ ከሱስ ርቀው፣ መንጃ ፈቃድ እስኪያወጡ ማሳደግ።» ከአንድ ረዳት ይጀምራል፤ ነገ ጠዋት አጠገቡ ይቀመጣል።

ዓረፍተ ነገሩ ከወጣ በኋላ አንድ ፈተና አለ፤ ብዙ ነጋዴ የሚወድቅበት እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ንጹሕ ነው? ቀፊራ ገበያ ላይ በኮንትሮባንድ ዕቃ የሚገኝ ትርፍ ቤተ ክርስቲያን ቢያሠራም መንገዱ አይጠራም። መንገዱን ለማጥራት ስንት ወር እንደሚፈጅ ከሥሩ ይጻፉና የራዕዩ የመጀመሪያ ሥራ እሱ ይሁን።

ባለትዳሮች ይህን ሳምንት ለየብቻ ሠርተው ዓርብ ማታ ይገናኙ። አንዱ ዓረፍተ ነገር ሌላውን የሚያፈርስ ከሆነ፣ ለምሳሌ እሱ ገጠር ሄዶ ማገልገል፣ እሷ ከተማ የታመሙ ወላጆቿን መጦር፣ ሁለቱም አይቀደዱ። የትኛው በዚህ ሦስት ዓመት እንደሚቀድም ተነጋግረው ጊዜ ይመድቡ። «ራዕዬ ነው» ብሎ የትዳር ጓደኛን መጫን የጥሪ ምልክት አይደለም።

ሳምንት 6፦ ምክር

ምሳሌ 15፥22 መካሮች በበዙበት ዘንድ ይጸናል ይላል፤ ሦስት ይበቃሉ። አንድ የመንፈስ አባት (የንስሐ አባት፣ መጋቢ ወይም ሽማግሌ)፣ አንድ ሙያውን የሚያውቅ ሰው፣ አንድ ኑሮዎን የሚያውቅ የቤተሰብ ሰው። ለሦስቱም ደብተሩን ሳይሆን አንድ ገጽ ይስጡ፤ ከላይ ዓረፍተ ነገሩ፣ ከሥሩ ሦስት ማስረጃ፣ ከዚያ ሊጀምሩት ያሰቡት ትንሽ ሥራ። ለማንበብ ሁለት ቀን ይስጧቸው። «ባርኩልኝ» ብለው ከሄዱ ይባርኩዎታል፤ «የት ላይ ይወድቃል?» ብለው ይሂዱ።

ሦስቱ ከተስማሙ ይቀጥሉ። ሁለቱ ካልተስማሙ ያስተካክሉ። የሙያው ሰው ብቻ ካልተስማማ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የዕውቀት ወይም የወጪ ነው፣ ይታረማል። የመንፈስ አባቱ ብቻ ካልተስማማ ምክንያቱን ጠይቀው ሁለት ሳምንት ይጸልዩበት። ቤተሰብ ብቻ ካልተስማማ ፍርሃት ይሁን እውቀት ይለዩ፤ ወላጅ ልጁ ወደ ውጭ ሄዶ ቤት እንዲያሠራ ሲጠብቅ ከኖረ ጥቂት ቀን መከፋቱ አይቀርም፤ አክብሮ ማስረዳት ነው።

እስከዚህ ቀን ድረስ መድረክ ላይ አይናገሩ፣ ፌስቡክ ላይም አይለጥፉ።

የ90 ቀን ሙከራ

መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፤ ሦስት ወር ልክ 90 ቀን ነው። ሉቃስ 14፥28 ግንብ ከመጀመሩ በፊት ወጪውን የሚቆጥር ሰው ያነሳልና ወጪዎን ይጻፉ፤ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በወር ስንት ብር፣ ከየትኛው ኪስ። በሳምንት ከ3 ሰዓት በላይ አይጀምሩ። የቤት ወጪን፣ የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያን፣ የእቁብ ተራን የሚነካ ብር አይግባ። ሥራ አይልቀቁ፤ ጳውሎስም ቆሮንቶስ ላይ ድንኳን እየሰፋ ነበር (ሐዋ 18፥3)።

መጠኑ ትንሽ ይሁን። መምህሩ ስድስት ልጅ፣ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት። ነርሷ ሦስት ቤት፣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ። በየሳምንቱ ሦስት ቁጥርና አንድ መስመር ይመዝግቡ፦ ስንት ሰው መጣ፣ ስንት ሰዓት ፈጀ፣ ስንት ብር ወጣ፣ የተረዳው ሰው ምን አለ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ግለቱ ይበርዳል፤ ይህ የሚጠበቅ ነውና የራዕዩን እውነተኛነት በዚያ ሳምንት አይመዝኑ። የሚመዘነው ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ነው። ያኔ ደክሞዎትም ቢሆን ስለ ሰዎቹ የሚያስቡ ከሆነ፣ እነሱም ተመልሰው የሚመጡ ከሆነ፣ መጠኑን በእጥፍ ያሳድጉ እንጂ በአሥር እጥፍ አይሁን። ሰዎቹ መምጣት ካቆሙ ለምን እንደሆነ ቤታቸው ሄደው ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሰዓት ወይም ቦታ ሆኖ ይገኛል፣ ራዕዩ አይደለም።

በሩ ፈጽሞ ከተዘጋስ? ጳውሎስ በእስያ እንዳይናገር ተከለከለ፣ ወደ ቢታንያ ሊሄድ ሲሞክርም አልተፈቀደለትም፤ መቄዶንያ የመጣው ከሁለት ክልከላ በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ መልኩን ቀይረው ይሞክሩ፤ ሰፈሩን፣ ሰዓቱን ወይም ዕድሜውን ይለውጡ፤ «ለማን» የሚለውን በመጨረሻ ይንኩ። በሦስተኛው ካልሆነ ወደ ሳምንት 3 ተመልሰው ከጻፏቸው ሦስት ጉዳዮች ሁለተኛውን ይያዙ። ከሳምንት 1 መጀመር አያስፈልግም።

ስድስቱ ሳምንት አልቆ ዓረፍተ ነገር ያልወጣለት ሰውም ይኖራል፤ በተለይ ከ20 ዓመት በታች የሆኑት፣ የመዝገቡ ገጽ ገና ሁለት ወይም ሦስት ስለሆነ። እነሱ ጊዜያዊ ዓረፍተ ነገር ይያዙ፦ «በዚህ ዓመት በእጄ ያለውን ትምህርት ወይም ሥራ በሚገባ እየሠራሁ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ሌላ ሰው የጀመረውን በጎ ሥራ አግዛለሁ።» የሰንበት ትምህርት ቤት፣ የቤት ኅብረት፣ ጽዋ ማኅበር፣ የእድር ጉልበት ሥራ፣ የቱም ይሆናል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ሲመርጥም ይህ ይጠቅመዋል፤ የሳምንት 2ን ሦስት ዝርዝሮች አጠገብ አድርጎ ይሙላ፤ ሁለት ዝርዝር ላይ ያልታየ ትምህርት የመጀመሪያ ምርጫው ላይ አይግባ።

ደብተሩን በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ ይክፈቱት። በአምስቱ ቀን አምስት ጥያቄ አለ፤ በቀን አንድ፦ በዚህ ዓመት ማን ተጠቀመ? ምን ተማርኩ? ከዓረፍተ ነገሩ የትኛው ቃል ከሥራው ጋር አልገጠመም? ማንን ማመስገን አለብኝ? በመስከረም ምን አቆማለሁ? ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ዓመት ስድስተኛዋን ቀን ለሦስቱ መካሪዎች ደውለው ያውሏት። ዓረፍተ ነገሩ የሚታረመው በእነዚህ ቀናት ብቻ ነው፤ አሮጌው በአንድ መስመር ይሰረዝና ከጎኑ ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ።